ዋግንና ሻጋታን የሚቋቋም ዘር እንዴት ተገኘ

በትምህርት ቤት የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ታሪክ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ስለ ገብስ ታሪክ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ገብስም ሆነ ስንዴ፣ ድንችም ሆነ እንሰት የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ በዚያም ታሪክ ውስጥ ጠላትና ከበባ፣ ሽንፈትና ድል ይገኛል። እኔም ለተከበሩ አንባብያን ለማቅረብ የመረጥሁት፣ ሰው አዝርዕትን ከበሽታ ለማዳን ያደረገውን የረጅም ዘመን ትግልና፣ በመጨረሻም የተክልን የውስጥ ባሕርይ በእጁ እስከ መለወጥ የደረሰበትን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከወላጆቻችን መካከል እርሻ የሚያውቁት ዋግ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ ያስረዳሉ። ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ፣ ዛላውም አምሮ ቆሞ ሳለ፣ እርጥበት ያለበት ጥቂት ቀን ሲሰነብት በአገዳውና በቅጠሉ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ብናኝ ይታያል። በማሳው መካከል ያለፈ ሰው ልብሱ ቀይ አቧራ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዛላው ቢቆምም ፍሬው ይጨማደዳል፤ ገበሬውም አጭዶና ወቅቶ የሚያገኘው የቀጨጨ ፍሬና ገለባ ነው። የጥንት ሮማውያን ይህን መቅሠፍት የሚያመጣ አምላክ አለ ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ በየዓመቱ በአፕሪል 25 ቀን ሮቢጋሊያ የተባለ በዓል አድርገው ቀይ ውሻ ይሠዉ ነበር። ውሻው ሞተ እንጂ ዋጉ አልቀረም።

የተክል በሽታ በአንድ ሕዝብ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ የታየው በአየርላንድ ነው። የአየርላንድ ድኻ ገበሬ ኑሮው በድንች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ያውም በአብዛኛው ‹ላምፐር› በተባለ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ስለ ሆነ፣ በአንድ ማሳ ያለው ተክል ሁሉ የአንዱ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። በ1845 ቅጠሉን የሚያጠቁር፣ ድንቹንም በመሬት ውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ለመግደል የሚያግደው ነገር አልነበረም። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና ረኀብ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። እርግጥ ነው፣ ለዚህ ሁሉ እልቂት ተጠያቂው ሻጋታው ብቻ አይደለም፤ የአገዛዙም ጥፋት አለበት። አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1861 የበሽታው ምክንያት ክፉ አየር ሳይሆን በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን አረጋገጠ። ጠላቱ ታወቀ፤ መድኃኒቱ ግን ገና ነበር።

በባዮሎጂ ክፍላችን ስለ መንደልና ስለ አተሮቹ ሳንማር ያለፍን የለንም። መንደል በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ 1900 ድረስ ተረስቶ ኖሮ ሲገለጥ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የአተርና የአበባ ቀለም ወግ አድርጎ ይመለከተው ነበር። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የነበረው ሮላንድ ቢፈን ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ዋግን መቋቋምስ እንደ አበባ ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳልን? ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ከማይቋቋም ስንዴ ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ታመመ። ተስፋ ሳይቆርጥ የእነዚያን ዘር መልሶ ቢዘራ፣ በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ አንድ ያህሉ በዋጉ መካከል ጤነኛ ሆኖ ቆመ። ቢፈን ይህን ውጤት በ1905 አሳተመ። እኔ እንደሚመስለኝ በአዝርዕት በሽታ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቀን ጥቂት ነው፤ በሽታን መቋቋም የዕድል ነገር መሆኑ ቀርቶ ሊፈለግ፣ ሊገኝና ሊወረስ የሚችል ንብረት መሆኑ ታውቋልና። ፈረንጆች ‹ጂን› የሚሉትን ይህን በሕዋስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠ የውርስ ትእዛዝ እኛ ‹ዘረ መል› እንለዋለን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ጠንካራውን ዘር ፈልጎ ማዳቀል፣ ለገበሬው ማከፋፈል፣ ከዚያም ማረፍ። ዕረፍቱ ግን አልተገኘም። ሃሮልድ ፍሎር የተባለው አሜሪካዊ በ1940ዎቹ በተልባ ዋግ ላይ ሲመራመር ምክንያቱን ደረሰበት። ተክሉ በሽታውን የሚቋቋምበት አንድ ዘረ መል ሲኖረው፣ በዋጉም በኩል ከእርሱ ጋር የሚገጥም አንድ ዘረ መል አለ። የተክሉ እንደ ጓጉንቸር፣ የዋጉ እንደ ቁልፍ ነው ብንል ነገሩ ይገባናል። ዋጉ በቢሊዮን የሚቆጠር ብናኝ በነፋስ ስለሚበትን፣ ከዚያ ሁሉ ብናኝ መካከል ቁልፉ የተለወጠ አንድ ቢገኝ ጓጉንቸሩን ይከፍተዋል። ያው ጓጉንቸር በአገሩ ማሳ ሁሉ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ደግሞ አንዱን የከፈተ ሁሉንም ከፈተ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አገር ስንዴ አምራች የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። እንኮይ የተባለው የስንዴ ዘር ሲወደድ ቆይቶ በ1993ና በ1994 በግንድ ዋግ ተመታ። በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ሲነሣ ኩብሳ የተባለው ዘር ወደቀ። በ1998 በኡጋንዳ የታየውና ‹ዩጂ 99› የተባለው የግንድ ዋግ፣ ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ የተወሰደውንና ዓለም ለብዙ ዓመት ሲታመንበት የኖረውን ዘረ መል ሰበረ። ያን ዋግና ቢጫውን ዋግ የተቋቋመው ዲገሉ የተባለው ዘር ስለ ነበር፣ ገበሬው ከኩብሳ ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ መጥቶ በደቡብ ምሥራቁ የስንዴ አገራችን ከ10,000 ሄክታር በላይ የሆነ የዲገሉ ማሳ ከሞላ ጎደል ባዶ አስቀረው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘር የለወጠ ገበሬ፣ ሁለት ጊዜ የከሰረ ገበሬ ነው።

እንግዲህ አዲስ ጓጉንቸር ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ ከሌሎች ቀድሞ በዓለም ደረጃ የጠየቀው የሩስያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ አንድ አዝርዕት ከጥንት ጀምሮ ብዙ ዓይነት ሆኖ በተዘራበት አገር፣ ከዚያ ሁሉ ብዛት ውስጥ በሽታን የሚቋቋም ይገኛል የሚል አሳብ ነበረው። በዚህም ምክንያት ከ1926 መጨረሻ እስከ 1927 ድረስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ የጉዞ ፈቃድም አገኘ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሲራራ በጎጃም፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል እስከ አሥመራ ሲጓዝ፣ በየገበያውና በየማሳው ዳር እየቆመ የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላም እህል ዛላ ሰበሰበ። ያየው የገብስና የስንዴ ብዛት ስላስደነቀው፣ አገራችንን በዓለም ላይ ካሉት ዋና ዋና የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ አድርጎ ጻፋት። የዚህ ሰው ፍጻሜ ያሳዝናል። የውርስን ሕግ በማይቀበሉ ባለ ጊዜዎች ተከስሶ በ1940 ታሰረ፤ ሕዝብን ከረኀብ ለማዳን የደከመው ሰው በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለች፣ እርሱ የሰበሰበውን ዘር የሚጠብቁት ባልደረቦቹ ከእህሉ ሳይቀምሱ በረኀብ ያለቁም አሉ።

ቫቪሎቭ ያየው ገብስ ዛሬም ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ጥቁሩና ነጩ፣ ሁለት መስመሩና ስድስት መስመሩ፣ ለቆሎ የሚሆነው ሰነፍ ቆሎና ጠመጁ፣ ለጠላ የሚመረጠው፣ ለበሶ የሚመረጠው፣ ቶሎ ደርሶ የክረምቱን ችግር የሚያሻግረው፣ ሁሉም በየስሙ ይታወቃል። ብዙ ጊዜም በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ ይዘራል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ድብልቅ ሲያይ ገበሬው መለየት አቅቶት ይመስለው ነበር። ግን ዝናቡ ቢያጥር አንዱ፣ ውርጩ ቢበረታ ሌላው፣ በሽታ ቢገባ ሦስተኛው ይተርፋል። ከአየርላንድ ድንች ጋር አነጻጽሩት።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደርሻለሁ። አገራችን በኢጣሊያ ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1937ና በ1938 የጀርመን ተመራማሪዎች መጥተው የገብስ ናሙና ሰብስበው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ከእነዚያ ናሙናዎች ውስጥ ጥቂቶቹ አንድ የሚያስገርም ጠባይ ነበራቸው። በአውሮፓ ገብስን የሚያስቸግረው፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ ነው፤ ‹የዱቄት ሻጋታ› ልበለው። ይህ ሻጋታ እነዚያን የኢትዮጵያ ገብሶች አይደፍራቸውም። አንዱን የሻጋታ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ማንኛውንም ዓይነት ቢያመጡበት አይቀበልም።

በ1942 ደግሞ በጀርመን አገር በሃለ ከተማ ፍራይስሌበንና ላይን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ‹ሃይዛ› የተባለውን የጀርመን ገብስ በራጅ ጨረር አስመቱት። ሐኪም የተሰበረ አጥንት የሚያይበት ያው ጨረር ማለት ነው። ጨረሩ የዘሩን የውስጥ ጽሑፍ በዘፈቀደ ያበላሻል፤ አብዛኛው ለክፉ ይሆናል፣ አንዳንዱ ግን ለበጎ። ከዚያ ሁሉ መካከል የዱቄት ሻጋታ የማይነካው አንድ ገብስ ተገኘ። በኋላ ሲመረመር፣ በጨረር የተበላሸው ዘረ መልና በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ የተለወጠው ዘረ መል አንድ ሆኖ ተገኘ። ስሙም በሳይንስ ቋንቋ ‹ኤም ኤል ኦ› ይባላል።

ይህ ዘረ መል በ1997 በእንግሊዝ አገር በኖሪች ከተማ በፓውል ሹልትሰ ሌፈርት በሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ተለይቶ ወጣ፤ ሥራውም ሲመረመር ቆየ። ነገሩ ከፍሎር ጓጉንቸር የተለየ ነው። ደኅና የሆነው ኤም ኤል ኦ ለሻጋታው መግቢያ የሚሆን ነገር ነው፤ ሻጋታው የሕዋሱን ግድግዳ ለመብሳት በእርሱ ይጠቀማል። ዘረ መሉ ሥራውን ሲያቆም ሻጋታው ሊበሳ በሞከረበት ቦታ ላይ ተክሉ ከውስጥ ግድግዳውን እያወፈረ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ገብሱ የዳነው አዲስ መሣሪያ አግኝቶ አይደለም፤ ጠላት የሚገባበትን በር አጥቶ ነው። ቁልፍ መለወጥ በር ከሌለ ምን ይጠቅማል? በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ ዘረ መሉ ራሱ አልተበላሸም፤ ከፊቱ የተደጋገመ የጽሑፍ ቁራጭ ገብቶበት ትእዛዙን አፈነው። ይህም ለውጥ የተከሠተው በዱር ገብስ ላይ ሳይሆን ሰው ገብስን ማረስ ከጀመረ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለውጡ ተወልዶ ያደገው በገበሬ ማሳ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ገብስ ወዲያው ሊጠቀሙበት አልቻሉም። በሩን ያጣው ገብስ ሌላ ዕዳ ነበረበት፤ ቅጠሉ ሻጋታ ሳይነካው በራሱ ነጠብጣብ እያወጣ ቀደም ብሎ ይደርቃል፣ ምርቱም ያንሳል፣ ለአንዳንድ ሌሎች በሽታዎችም ይጋለጣል። አዳቃዮች ለብዙ ዓመት ሲያዳቅሉና ሲመርጡ ቆይተው፣ ከኢትዮጵያው ገብስ የወረደው የመጀመሪያው ዘር ‹አቴም› የሚል ስም ይዞ በ1979 በሆላንድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኤም ኤል ኦ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ውስጥ በሰፊው ገባ። ሌሎቹ የሻጋታ መከላከያ ዘረ መሎች በጥቂት ዓመት እየተሰበሩ ሲወድቁ፣ ይህ ከ40 ዓመት በላይ ቆመ። የቢራ ገብስ የሚዘራ የአውሮፓ ገበሬ መድኃኒት ሳይረጭ የሚያልፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዘሩን ጠብቆ ያቆየው የደጋ ገበሬ ግን ስለዚህ ነገር የሰማው የለም፣ የደረሰውም ድርሻ የለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የገብስን ቅጠል የሚያወይብና ተክሉን የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግር፣ ከዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ገብሶች ተፈተኑ፤ የተቋቋሙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። አገራችን የዘረ ሀብትን ስለ ማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብት አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው። አዋጁ መውጣቱ መልካም ነው፤ ቀድሞ ለሄደው ገብስ ግን ደረሰኝ የለውም።

ማዳቀል አንድ ወሰን አለበት፤ ገብስ ከገብስ፣ ስንዴ ከስንዴ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ጋር ነው። ይህ ወሰን የተጣሰው በ1983 ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር ‹አግሮባክቴሪየም› የሚባል ባክቴሪያ አለ። የተክልን ቁስል አግኝቶ ሲገባ ከራሱ ዘረ መል ቁራጭ ቆርሶ በተክሉ ውስጥ ይተክላል፤ ተክሉም በዚያ ትእዛዝ እብጠት ያወጣል። በቤልጅግ በጌንት ከተማና በአሜሪካ የነበሩ ሊቃውንት እብጠት የሚያመጣውን ቁራጭ አውጥተው የፈለጉትን ዘረ መል በቦታው በማስገባት ባክቴሪያውን መልእክተኛ አደረጉት። መጀመሪያ የተሞከረው በትንባሆ ላይ ነው። በ1986 ሮጀር ቢቺ የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር የአንድ ቫይረስን የልባስ ዘረ መል በትንባሆ ውስጥ ቢያስገባ፣ ትንባሆው ያንኑ ቫይረስ ተቋቋመ።

ይህ ጥበብ በገበሬ እጅ ምን እንደሚያደርግ የታየው በሃዋይ ደሴቶች ነው። የፓፓያ ቅጠልን የሚያኮማትር፣ በፍሬውም ላይ ቀለበት የሚጽፍ ቫይረስ በክሽክሽ አማካይነት እየተዛመተ በ1992 ዋናው የፓፓያ አገር ወደ ነበረው ወደ ፑና ገባ። በዚያ ዓመት 24 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል የነበረው የደሴቶቹ ምርት በ1998 ወደ 12 ሚሊዮን ያህል ወረደ። ዛፉን ከመቁረጥ በቀር መድኃኒት አልነበረም። የሃዋይ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ዴኒስ ጎንሳልቬስ በሽታው ፑና ሳይደርስ ይደርሳል ብሎ ፈርቶ፣ ቀደም ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር የቫይረሱን ልባስ ዘረ መል በፓፓያ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ተክሉ በውስጡ ባለው ቁራጭ አማካይነት የቫይረሱን መልእክት እየለየ ያጠፋዋል። በ1998 ‹ሬንቦ› የተባለው ፓፓያ ዘር ለገበሬዎች በነጻ ታደለ፤ እርሻውም ተረፈ። የዚህ ሥራ ባለቤቶች የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ ዘሩን በነጻ ማደል የተቻለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ድርቅና ስለ ጎርፍ መከላከልም ብዙ ይወራል። በህንድ አገር በኦዲሻ ከተገኘ የቆየ ሩዝ ውስጥ፣ በውሃ ተውጦ ሁለት ሳምንት ያህል ትንፋሹን ይዞ የሚቆይበት ዘረ መል በ2006 ተለይቶ፣ በማዳቀል ወደ ሌሎች የሩዝ ዘሮች ገብቷል። ከሱፍ አበባ የተወሰደ ዘረ መል የገባበትን ስንዴ አርጀንቲና በ2020 ፈቅዳለች። ይሁንና ድርቅን መቋቋም የአንድ ዘረ መል ሥራ አይደለም፤ ሥርም፣ ቅጠልም፣ የመድረሻ ጊዜም አለበት። ስለዚህ በአንድ ዘረ መል ድርቅ ድል ሆነ የሚል ወሬ ስንሰማ ቀስ ብለን ብናምን ይሻላል።

ወደ ኤም ኤል ኦ እንመለስ። የዱቄት ሻጋታ ስንዴንም ያጠቃል፤ ታዲያ የስንዴውን በር መዝጋት ለምን አልተቻለም? እንጀራ ብንለው ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ከሦስት የሣር ወገኖች የተወለደ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱን ዘረ መል በሦስት ስፍራ ይዟል። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ሦስቱም በአንድ ተክል ላይ በአጋጣሚ እስኪበላሹ መጠበቅ፣ ሦስት ሎተሪ በአንድ ቀን እንደ መጠበቅ ነው። በ2014 በቤጂንግ ጋኦ ካይሺያና ቺዩ ጂንሎንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የተወሰነ ጽሑፍ ፈልጎ በዚያው ቦታ ላይ የሚቆርጥ እንደ መቀስ ያለ ፕሮቲን ተጠቅመው ሦስቱንም ቆረጡ። ስንዴው የዱቄት ሻጋታን ተቋቋመ። እንደ ገብሱ ግን ዕዳ ነበረበት፤ ዕድገቱ ተጎዳ። በ2022 እነዚሁ ተመራማሪዎች ከቆረጧቸው ስንዴዎች በአንዱ ላይ 304,000 ያህል ፊደል የሚያህል የጽሑፍ ክፍል ወድቆ፣ በዚያም ምክንያት አጠገቡ ያለ ሌላ ዘረ መል ነቅቶ ዕድገቱን እንዳስተካከለው አሳተሙ። ሻጋታ የማይነካው፣ ምርቱም ያልቀነሰ ስንዴ ተገኘ።

እንግዲህ አንድ ዘረ መል በሦስት መንገድ ሲዘጋ አየን፤ በገበሬ ማሳ፣ በራጅ ጨረር፣ በተመረጠ መቀስ። ሕግ ግን ሦስቱን በአንድ ዓይን አያይም። በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመቀሱ የተሠራው ተክል ዘረ መላቸው የተለወጡ ፍጥረታት በሚተዳደሩበት ጥብቅ ሕግ ሥር ይውደቅ ብሎ ሲፈርድ፣ ለረጅም ዘመን የተሠራበት የጨረሩ ዘዴ ከዚያ ነጻ ሆኖ ቀረ። በዘፈቀደ ሺህ ቦታ የሚያቆስለው ተፈቅዶ፣ አንድ ቦታ የሚቆርጠው መጠየቁ ለእኔ አልገባኝም። የሚቃወሙትን ሰዎች ስጋት ግን ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ዘሩ የማን ይሆናል? ገበሬው በየዓመቱ እንዲገዛ ይገደዳልን? የጓሮው ዘር በአዲሱ ተውጦ ይጠፋልን? እነዚህ ጥያቄዎች ከመቀሱ ጋር ሳይሆን ከባለ መቀሱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በመዳቀል የተገኘ ዘርም ቢሆን ያነሣቸዋል። ኢትዮጵያ በ2009 ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አውጥታ በ2015 አሻሻለችው፤ በ2018ም ትል የሚቋቋም ጥጥ እንዲዘራ ፈቀደች።

ሌላም ተስፋ የሚሰጥ ሥራ አለ። የስንዴ ዋግ ጓጉንቸር አንድ በአንድ እየተሰበረ ካስቸገረ፣ ብዙውን በአንድነት ማንጠልጠል ነው። በ2021 በአውስትራሊያ የሚገኙ ሊቃውንት ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ከስንዴና ከስንዴ ዘመዶች የተገኙ አምስት የግንድ ዋግ መከላከያ ዘረ መሎችን በአንድ ላይ አያይዘው በአንድ ስንዴ ውስጥ አስገቡ። አምስቱም በአንድ ቦታ ስለ ተቀመጡ ለልጅ የሚወርዱት ሳይነጣጠሉ ነው፤ ዋጉም አምስቱን ቁልፍ በአንድ ጊዜ ማግኘት አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይህ ነው። ግን አምስቱ ሁሉ የተገኙት ከየት ነው? አንድም በላቦራቶሪ የተፈጠረ የለም። ሁሉም ሰው ካቆየው ዘር ወይም ከዱር ሣር የተገኙ ናቸው። በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ በ1976 ሲቋቋም፣ በኋላም ዶክተር መላኩ ወረደ ሲመሩት፣ በ1984ና በ1985 ድርቅ ገበሬው ዘሩን ለምግብ ከማዋሉ በፊት ናሙና ለመሰብሰብ በየገጠሩ የተደከመው ይህን በማሰብ ነው።

የመጨረሻው ወሬዬ ስለ እንሰት ነው። በ1968 ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይተው ለዓለም ሳይንስ አሳወቁ። ቅጠሉ ይወይባል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ብዙ ዓመት የተደከመበት ተክል ሙሉ ይሞታል። በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነው፤ ስለዚህ ቢላዋን በእሳት መለብለብ እስከ ዛሬ ዋና መከላከያ ሆኗል። በ1974 በሙዝ ላይም መኖሩ በአገራችን ተጻፈ፤ በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የብዙ ሚሊዮን ሰው ምግብ የሆነውን ሙዝ ማጥፋት ጀመረ። ሊና ትሪፓቲ የተባሉት ተመራማሪ ከኡጋንዳ ሊቃውንት ጋር ሆነው ከቃሪያ ሁለት ዘረ መሎች ወስደው በሙዝ ውስጥ አስገቡ፤ በኡጋንዳ ማሳ ተሞክሮ ውጤቱ በ2014 ታተመ፤ ከተሞከሩት ውስጥ ፈጽሞ ያልታመሙ ነበሩ። ሆኖም የአገሩ ፓርላማ በ2017 ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙ መለሱት።

ለእንሰት እስካሁን በሽታው ፈጽሞ የማይነካው ዘር አልተገኘም። በወላይታ ግን ‹ማዚያ› የሚባል የእንሰት ዓይነት አለ፤ ሌሎቹ በበሽታው ሲረግፉ እርሱ እየታመመም ብዙ ጊዜ ያገግማል። ይህን ያወቁት መጀመሪያ እንሰቱን በጓሯቸው የሚተክሉት እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ተመራማሪዎችም ማዚያን ከሌሎቹ ጋር እያስተያዩ በበሽታው ሲፈትኑት ይህንኑ አይተዋል።